ቤት መምታት ስለ ምን ይጠቅማል?

በዚህ ዓምድ ስለ ግእዝ ቅኔና ስለ አማርኛ ግጥም ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። በዛሬው ጽሑፌ ግን ባሕር ተሻግረን አንድ የእንግሊዞችን ረጅም የተረት ግጥም እንመለከታለን። ይህንም የማደርገው የራሳችን አንሶን የሌላውን ለመመኘት አይደለም። አንድ ተማሪ ያቀረበልኝን ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት ከዚያ ግጥም ስለ ሆነ፣ ያገኘሁትን ለብቻዬ ይዤ እንዳልቀር ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ የሚባለው እንግሊዛዊ ባለቅኔ የደረሰውን «የአረጋዊው መርከበኛ ግጥም» ለከፍተኛው ክፍል ተማሪዎች አስተምር ነበር። እንደ ልማዴ ጠመኔ አንሥቼ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ፤ አንደኛው ስንኝ አራት ምት፣ ሁለተኛው ሦስት፣ ሦስተኛው አራት፣ አራተኛው ሦስት፤ ሁለተኛውና አራተኛው ቤት ይመታሉ፤ አንደኛውና ሦስተኛው አይመቱም። ተማሪዎቹም በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ቈጠሩ፤ ቈጠራውም ልክ ሆነ። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ዝምተኛ ልጅ ተነሥቶ፦ «መምህር፣ ቈጠርነው፤ ልክም ነው። ከቈጠርነው በኋላ ግን ምን አገኘን?» አለኝ።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ ስለ አልነበረኝ አልሳቅሁም። «ለፈተና ይጠቅማችኋል» ብዬ አለፍሁት። ማታ እቤቴ ስገባ በዚህ መልሴ አፈርሁ። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ሳለሁ፣ የአንዱ ተማሪ ቅኔ ልኩ ሞልቶ፣ ቤቱም ተመትቶ፣ ነገር ግን ምሥጢር የታጣበት እንደ ሆነ፣ መምህራችን «ቤቱስ ቆሟል፤ የሚኖርበት ሰው ግን የለም» ይሉ ነበር። እኔም ለዓመታት ለልጆቹ ቤቱን ከውጭ እያሳየሁ፣ ከውስጥ የሚኖረውን ሳላስተዋውቃቸው መኖሬ ያን ጊዜ ታወቀኝ። ስለዚህ መብራቱን አብርቼ ግጥሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። ያገኘሁትን ከዚህ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

ግጥሙና ገጣሚው

ኮልሪጅ በ1772 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በዴቨን ግዛት፣ ኦተሪ ሴንት ሜሪ በምትባል ከተማ ከአንድ ካህን ቤት ተወለደ፤ በ1834 ዓ.ም. ሞተ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1797 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር ከወዳጁ ከዊልያም ወርድስወርዝና ከእኅቱ ከዶርቲ ጋር በሶመርሴት ኮረብታዎች በእግር ሲጓዙ፣ ለመንገዳቸው ወጪ እንዲሆናቸው ለመጽሔት የሚሸጥ ግጥም ለመጻፍ ተማከሩ። ወርድስወርዝ በዚያ ሰሞን ሼልቮክ የሚባል የመርከብ አዛዥ በ1726 ዓ.ም. ያሳተመውን የጉዞ መጽሐፍ አንብቦ ነበርና፣ በደቡብ ባሕር አልባትሮስ የሚባለውን ወፍ የገደለ መርከበኛ በግጥሙ ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ ሰጠ። ሁለቱ አብረው ጀመሩት፤ ወዲያው ግን ወርድስወርዝ ተወውና ኮልሪጅ ብቻውን በ1798 ዓ.ም. ፈጸመው። በዚያው ዓመት ሁለቱ ወዳጆች ስማቸውን ሳይገልጹ ባሳተሙት የግጥም መጽሐፍ ውስጥ በመጀመሪያው ስፍራ ታተመ። በ1817 ዓ.ም. ደግሞ ገጣሚው ራሱ፣ በብራና መጻሕፍታችን ኅዳግ ላይ እንደምናየው፣ በግጥሙ ጎን ማብራሪያ ጨመረበት። ግጥሙ በ7 ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ በመጨረሻው እትም 625 ስንኞች አሉት።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ሦስት ሰዎች ወደ ሠርግ ሲሄዱ አንድ ሽማግሌ መርከበኛ አንዱን ዕድምተኛ ያዝ አድርጎ ያቆመውና የደረሰበትን ይነግረው ይጀምራል። መርከባቸው የምድርን ወገብ አልፎ ወደ ደቡብ ሲነዳ በበረዶ ተከበበ። በዚያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ አልባትሮስ መጣች። ይህች ወፍ በደቡብ ውቅያኖሶች ላይ የምትኖር ስትሆን፣ ትልቁ ዓይነቷ ክንፏን ስትዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ3 ሜትር በላይ ትሆናለች። መርከበኞቹ እንደ ክርስቲያን ነፍስ በእግዚአብሔር ስም ተቀበሏት፤ አበሏትም። በረዶው ተከፈለ፤ መልካም ነፋስም ነፈሰ። ወፊቱ ለዘጠኝ ምሽት አብራቸው ስትሆን፣ ያ ሰው ያለ ምንም ምክንያት በቀስት ገደላት። ጓደኞቹ በመጀመሪያ ነቀፉት፤ ጉሙ በተገለጠ ጊዜ ግን «መልካም አደረገ» ብለው ከኃጢአቱ ተካፈሉ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ቆመ፤ መርከቡ በባሕር መካከል ደርቆ ቀረ፤ ውኃ ጥም ያዛቸው። ወፊቱንም በአንገቱ ላይ አንጠለጠሉበት። 200 ጓደኞቹ አንድ በአንድ ወድቀው ሞቱ፤ እርሱ ብቻ ተረፈ፤ ሊጸልይ ቢወድም አልቻለም። በመጨረሻ በጨረቃ ብርሃን የባሕር እባቦችን ሲመለከት፣ ውበታቸው ልቡን ነካውና ሳያስበው ባረካቸው። በዚያች ቅጽበት መጸለይ ቻለ፤ ወፊቱም ከአንገቱ ወደቀች። ወደ አገሩ ተመልሶ ለአንድ ባሕታዊ ተናዘዘ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ጊዜው ሳይታወቅ ሥቃዩ ይነሣበታል፤ ታሪኩን ለአንድ ሰው እስኪነግር ድረስም ዕረፍት አያገኝም።

በታሪኩ ውስጥ መናፍስትና ልዩ ልዩ ተአምራት ይገኛሉ። ይህን እንደ ተረት እንጂ እንደ ትምህርተ ሃይማኖት አንወስደውም። የዛሬው ነገራችን የግጥሙ አሠራር ነው፤ አሠራሩም ከምጣኔ ይጀምራል።

ምጣኔው

እኛ የአማርኛን ግጥም ስንመዝን ቀለም እንቈጥራለን። ብዙ ጊዜ የምንሰማው የወል ቤት 6 ቀለም ብሎ ጥቂት ያርፍና፣ እንደ ገና 6 ቀለም ብሎ ቤት ይመታል። ለምሳሌ ያህል ለተማሪዎቼ ስል ራሴ የገጠምሁትን ልጻፍላችሁ፤

በባሕር መካከል ሰው ውኃ ሲጠማው፣
የገዛ ወንጭፉ ነበረ የቀማው።

«በባሕር መካከል» 6 ቀለም ነው፤ «ሰው ውኃ ሲጠማው» 6 ነው። ሁለተኛውም ስንኝ እንዲሁ ነው። ሁለቱ በ«ማው» ቤት ይመታሉ።

በእንግሊዝኛ ግን ቀለሙ ሁሉ እኩል አይደለም። ድምፅ በአንዱ ቀለም ላይ ይጫናል፤ በሌላው ላይ ቀለል ብሎ ያልፋል። የማኅሌት ከበሮ በሰፊው ፊት ሲመታ ወፍራም፣ በጠባቡ ፊት ሲመታ ቀጭን ድምፅ እንደሚሰጥ አስቡ። ገጣሚው የሚቈጥረው በተለይ ወፍራሙን ምት ነው። በዚህ ግጥም ውስጥ የሚበዛው ዐርኬ አራት ስንኝ አለው፤ ምቶቹም አራት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት ናቸው። ቀለሙ ሲቈጠር አብዛኛውን ጊዜ 8፣ 6፣ 8፣ 6 ገደማ ይሆናል፤ ነገር ግን ምቱ እስካልጎደለ ድረስ ቀላል ቀለም ቢጨመር አይነቀፍም።

ኮልሪጅ ይህን ልክ ከራሱ አልፈጠረውም። የእንግሊዝና የስኮትላንድ ሕዝብ የጦርን፣ የፍቅርንና የሞትን ታሪክ በቃሉ ይዞ ሲዘፍን የኖረበት አሮጌ ልክ ነው። ቶማስ ፐርሲ የሚባል ካህን እንዲህ ያሉትን የጥንት ግጥሞች ሰብስቦ በ1765 ዓ.ም. ካሳተማቸው ወዲህ፣ የተማሩት ሰዎችም ያከብሯቸው ጀመር። የእንግሊዞች የቤተ ክርስቲያን መዝሙርም ብዙው በዚሁ በ8ና በ6 ቀለም የተሠራ ነው። ስለዚህ ገጣሚው ለእንግዳ ታሪኩ የመረጠው ሁሉ ከእናቱ አፍ የሚያውቀውን ልክ ነው። ሰሚው የማያውቀውን ባሕር የሚሻገረው በሚያውቀው እርምጃ ነው።

ልኩ ከታወቀ በኋላ መጠየቅ ያለብን፣ ገጣሚው ልኩን የሚተወው የት ነው? የሚለውን ነው። በሦስተኛው ክፍል፣ መርከበኞቹ ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በጨለማ ተቀምጠው የጨረቃን መውጣት የሚጠብቁበት ስፍራ አለ። በዚያ ዐርኬው በአራት ስንኝ መቆም ሲገባው ወደ ዘጠኝ ይረዝማል፤ ከግጥሙም ሁሉ ረጅሙ እርሱ ነው። ሦስተኛው፣ ስድስተኛውና ዘጠነኛው ስንኝ እርስ በርሳቸው ቤት ይመታሉ፤ በመካከላቸው ያሉት ሁለት ሁለት እየሆኑ ለየብቻቸው ይመታሉ። ጆሮ «አሁን አበቃ» ሲል አያበቃም፤ እንደ ገና «አበቃ» ሲል ይቀጥላል። ሰሚው እስትንፋሱን ይዞ ከመርከበኞቹ ጋር ይጠብቃል። ገጣሚው «ጠበቅን፤ ፈራን» ብሎ ብዙ ማብራራት አላስፈለገውም፤ ልኩ ራሱ አስጠበቀን።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በሁለተኛው ክፍል ተከታትለው የመጡ ሁለት ዐርኬዎች አሉ። በፊተኛው መርከቡ በነፋስ ይበራል፤ በስንኞቹ መካከል ቃል ከቃል ጋር ቤት ይመታል፤ አንድ ዓይነት ፊደል በብዙ ቃላት መነሻ ላይ ይመላለሳል፤ ንባቡም ይፈጥናል። በሁለተኛው ነፋሱ ይወድቃል። የመጀመሪያው ስንኝ «ታች» በሚል ቃል ጀምሮ «ታች» በሚል ቃል ይፈጽማል፤ መውደቅን የሚያመለክተውም ቃል በመካከሉ ሁለት ጊዜ ይገኛል። ስንኙ በሁለት ተመሳሳይ ግድግዳዎች መካከል ተዘግቶ መሄጃ ያጣ ይመስላል። የሚያስደንቀው ግን ሁለቱም ዐርኬዎች ቤት የሚመቱት በአንድ ድምፅ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም የሚፈጽሙት «ባሕር» በሚለው ቃል ነው። ባሕሩ ያው ነው፤ ቤቱም ያው ነው፤ መርከቡ ግን ሲበር የነበረው ቆሟል።

ቤቱ

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንቅረብ። ቤት መምታት ስለ ምን ይጠቅማል? ለጆሮ ደስ እንዲል ነው የሚሉ አሉ፤ ውሸት አይደለም። በቃል ለመያዝ ያመቻል የሚሉም አሉ፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን የኛ ቋንቋ ከዚህ የሚበልጥ ነገር በስሙ ነግሮናል። ግጥም ያልነው «ገጠመ» ከሚለው ነው። የገጠመ ነገር የተጋጠመ ነው፤ ሁለት የነበረው አንድ ሆኗል። ቤት ሲመታ ሁለት ቃላት ይጋጠማሉ። ስለዚህ ጠያቂ ሰው «ቤት መታ ወይስ አልመታም?» ብሎ ብቻ አይቀርም፤ «ማንን ከማን ጋር አጋጠመ?» ብሎ ይጠይቃል።

በዚህ ዐይን ግጥሙን ሳነብ ከዚህ በፊት ያላየሁትን አንድ መንገድ አገኘሁ። በእንግሊዝኛ መስቀል «ክሮስ» ይባላል። የወፊቱ ስም «አልባትሮስ» ነው። ሁለቱ ቤት ይመታሉ። ገጣሚው ይህን ግጥሚያ በሦስት ስፍራ ያመጣዋል፤ በእያንዳንዱም ስፍራ ነገሩ ይከብዳል።

በመጀመሪያው ክፍል ወፊቱ ከጉሙ ስትወጣ ጊዜ፣ መሻገሯን የሚናገረው ግሥ «ክሮስ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ይህ ቃል መስቀልም መሻገርም ማለት ነውና። እዚያው ስንኝ ውስጥ ስሟ ቀጥሎ ይገባል። በዚህ ጊዜ ሰሚው ምንም አይጠረጥርም፤ ወፍ ባሕር ተሻገረች፣ ይኸው ነው። ሆኖም ሁለቱ ቃላት በጆሮው ተጋጥመው ተቀምጠዋል።

በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ መርከበኞቹ ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ ሊጥሉ ሲፈልጉ፣ በአንገቱ ላይ የነበረው መስቀል ቀርቶ የገደላትን ወፍ ያንጠለጥሉበታል። እዚህ ላይ እንደ ገና በአንድ ስንኝ ውስጥ «ክሮስ»ና «አልባትሮስ» ይገናኛሉ። ያን ጊዜ መሻገር የነበረው ቃል አሁን የክርስቶስ መስቀል ሆኗል። ክርስቲያን ሁሉ የማተቡን ትርጉም ያውቃልና፣ ይህን ስንኝ ለኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ከአንገት መስቀል ወርዶ በምትኩ የገዛ በደል ሲንጠለጠል ምን ማለት እንደ ሆነ ልባችን ያውቀዋል። ገጣሚውም ሁለቱን በአንድ ቤት በማስመታቱ፣ አንዱ የሌላውን ስፍራ እንዴት እንደ ያዘ በጆሮአችን አሰማን፤ በድምፅ የሚቀራረቡ ስለ ሆኑ አንዱ በሌላው ፋንታ ገባ።

በአምስተኛው ክፍል ሁለት ረቂቃን ድምፆች ስለ መርከበኛው ሲነጋገሩ፣ አንዱ በመስቀል ላይ በሞተው ጌታ ስም ይምላል፤ ቀጥሎም ጉዳት የሌለባትን ወፍ መግደሉን ይናገራል። በዚህ ሦስተኛ ስፍራ ሁለቱ ቃላት በስንኝ መካከል አልተሸሸጉም፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ስንኝ መጨረሻ፣ ዋናው ቤት በሚመታበት ቦታ፣ ፊት ለፊት ቆመዋል። በመጀመሪያ በዘፈቀደ የመጣ የመሰለው ግጥሚያ፣ በሁለተኛው ቅጣት ሆነ፤ በሦስተኛው ፍርድ ሆነ።

ይህ ብቻ አይደለም። ወፊቱ የተገደለችበት መሣሪያ ተራ ቀስት አይደለም። በእንጨት ላይ በመስቀል ቅርጽ የሚጋደም ዓይነት ነው፤ በእንግሊዝኛ በስሙ ውስጥ «ክሮስ» የሚለው ቃል አለበት። የመጀመሪያው ክፍል የግድያውን ቃል ሲናገር ይህን የቀስት ስምና የወፊቱን ስም በተከታታይ ስንኞች አምጥቶ ይፈጽማል። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻም የሞቱት ጓደኞቹ ነፍሳት በአጠገቡ ሲያልፉ ድምፃቸው እንደ ቀስቱ ፉጨት ይሰማዋል፤ የቀስቱም ስም «ወዮ» ከሚለው ቃል ጋር ቤት ይመታል።

በማግሥቱ ይህን ሁሉ ለክፍሉ ተናገርሁ። ስጨርስም ለዚያ ልጅ «እንግዲህ ያገኘነው ይህ ነው» አልሁት። ደግሞም ግጥሙን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይህን ግጥሚያ ማጣቱ አይቀርም፤ በእኛ ቋንቋ መስቀልና አልባትሮስ ቤት አይመቱምና፤ ብዬ አዘንሁ። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፦ «መምህር፣ በአማርኛስ ቤት ሳይመታም ይገናኝ የለም? ወፊቱ በአንገቱ ተሰቀለች እንላለን። መስቀልም ከሰቀለ የመጣ ነው። ያንን ቀስትም መስቀለኛ ቀስት ብንለው ሦስቱ አንድ ዘር ይሆናሉ» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፤ እኔ ሰዋስው ተምሬ፣ ግሥ ገስሼ፣ ይህን አላየሁትም ነበር። የእንግሊዙ ባለቅኔ በድምፅ ያጋጠመውን የኛ ቋንቋ በሥር አጋጥሞት ኖሯል። የቅኔ መምህራችን ቢሰሙት «ሰው ገባበት» ይሉ ነበር።

መደጋገሙ

የቀረን ሦስተኛው ነገር መደጋገም ነው። አንዳንድ ሰው ቃል ሲደጋገም ገጣሚው ቃል ያጣ ይመስለዋል። እኛ የኦርቶዶክስ ቤት ልጆች ግን እንዲህ ልንል አይገባንም። መልክእ ስንደግም በየዐርኬው መነሻ «ሰላም» እንላለን፤ አምስቱም ስንኞች በአንድ ቤት ይመታሉ፤ ሰላምታው ያው ሲሆን ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው መልክ ስለምንሻገር አይሰለቸንም። በጸሎታችንም 41 ጊዜ ኪርያላይሶን እንላለን። አርባ አንደኛው የመጀመሪያውን ይመስላል፤ የሚለው ሰው ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም።

በኮልሪጅ ግጥም ውስጥ ሁለት ዓይነት መደጋገም አለ። አንዱ የታሰረ ሰው መደጋገም ነው። መርከቡ ደርቆ በቆመ ጊዜ ቀን ከቀን ቀጥሎ መምጣቱን የሚናገረው ሐረግ በአንድ ስንኝ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይባላል። ቀጥሎ በሚመጣው የውኃ ጥም ዐርኬ «ውኃ» የሚለው ቃል 4 ጊዜ ይመጣል፤ አንደኛውና ሦስተኛው ስንኝም ቃል በቃል አንድ ናቸው። ዐይን በዞረበት ሁሉ ያንኑ ያያል፤ ጆሮም ያንኑ ይሰማል፤ የሚጠጣ ግን የለም። ሁሉ ሞተው እርሱ በቀረ ጊዜ ደግሞ «ብቻ» የሚለው ቃል በሁለት ስንኞች ውስጥ 4 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ መደጋገም ወደ ፊት አይሄድም፤ እስር ቤት ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንደሚመላለስ ሰው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በአራተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ይገኛል። መርከበኛው የባሕሩን ፍጡራን የባረከበት ዐርኬ አራት ስንኝ መሆኑ ቀርቶ ስድስት ይሆናል። ሳያውቅ መባረኩን የሚናገረው አራተኛው ስንኝ በስድስተኛው ቦታ ሳይለወጥ ይደገማል። ልብ በሉ፤ ገጣሚው በዚያ ስፍራ ቤት የሚመታ አዲስ ቃል መፈለግ አላቃተውም፤ ከዚያ በፊት በመቶ የሚቈጠር አግኝቷል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ብልሃት አላስፈለገም። በሁለቱ መካከል የገባው አምስተኛው ስንኝ ቅዱሱ እንደ ራራለት ይናገራል። በመጀመሪያ ስንሰማው፣ ሳያውቅ ባረከ፤ እንዴት እንደ ሆነ አይታወቅም። በሁለተኛው ስንሰማው ያው ቃል ነው፤ አሁን ግን ምሕረት ቀድማው እንደ ነበረ እናውቃለን። ቃሉ አልተለወጠም፤ የምንሰማው እኛ ተለወጥን። መደጋገም ይህን ይሠራል።

የወፊቱም ነገር በመላው ግጥም እንዲህ ይመላለሳል። ከ7ቱ ክፍሎች ስድስቱ ሲፈጽሙ፣ ወይም ሊፈጽሙ ሲሉ፣ ወፊቱን ወይም የገደላትን ቀስት ያነሣሉ። አንዱ በግድያው ይዘጋል፤ ሌላው በአንገት ላይ በመንጠልጠሏ፤ ሌላው በቀስቱ ፉጨት፤ ሌላው ወደ ባሕር በመውደቋ፤ በአምስተኛው መዝጊያ አጠገብ ወፊቱ ትታወሳለች፤ ስድስተኛው ደሟን የሚያጥበውን ባሕታዊ ተስፋ አድርጎ ይዘጋል። የመጨረሻው ክፍል ብቻ ስሟን ሳይጠራ ይፈጽማል። በእርሷ ፈንታ ዕድምተኛው ይቀራል፤ ከሠርጉ ቤት ደጅ ተመልሶ ሄዶ፣ በማግሥቱ ያዘነና አስተዋይ ሰው ሆኖ ይነሣል። ሸክሙ ከተናጋሪው ወደ ሰሚው ተሻገረ ማለት ነው።

እንግዲህ የመርከበኛው ቀኖና ምን እንደ ነበረ አስታውሱ። ታሪኩን ደጋግሞ መናገር ነበር። ያ ሰው በየአገሩ እየዞረ የሚደጋግመውን፣ ግጥሙ በየስንኙ ይደጋግመዋል። መደጋገሙ ለታሪኩ የተጨመረ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ብናወጣው ታሪኩ ሳይጎድል በቀረ ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው አንድ ጊዜ ተናግሮ ቢያርፍ ቀኖናው አይኖርም፤ ግጥሙም አይኖርም። በርእሱ ላይ ኮልሪጅ የተጠቀመበት ቃል፣ በጥንቱ አጻጻፍ፣ ቤት የሚመታ ግጥም ማለት መሆኑም ያለ ነገር አይመስለኝም።

በመጨረሻ ላይ መርከበኛው ለዕድምተኛው የሚሰጠው ምክር አለ፤ በሁለት ተከታታይ ዐርኬዎች ጸሎትንና ፍጡርን መውደድን ያያይዛል። በሁለተኛው ጊዜ አነጋገሩ ያው ሆኖ፣ መልካም ያለውን ከሁሉ ወደሚበልጥ መልካም ከፍ ያደርገዋል። ባርቦልድ የምትባል ደራሲት ግጥሙ ምክር የለውም ብላ በነቀፈች ጊዜ፣ ኮልሪጅ ምክሩስ እንዲያውም በዝቶበታል ብሎ መመለሱ በ1830 ዓ.ም. በተመዘገበ ጭውውቱ ይገኛል። እኔ በዚህ ላይ ከባለቤቱ ጋር አልከራከርም። ነገር ግን ምክሩ በተነገረበት ስፍራ ከመድረሳችን በፊት፣ መስቀሉና ወፊቱ በተጋጠሙበት ቤት፣ በረከቱም በተደገመበት ስንኝ፣ ልባችን አስቀድሞ ተምሮታል።

ለቤተሰብ የሚሆን

ይህን ዓምድ ከልጆቻችሁ ጋር የምታነቡ ወላጆች ሆይ፤ ግጥም በቤታችሁ ሲነበብ፣ የአማርኛም ይሁን የግእዝ መልክእ፣ በመጀመሪያ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ቤት በዐይን አይመታምና። ከዚያም ልጆቻችሁን ሦስት ነገር ጠይቋቸው። ልኩ የተለወጠው የት ነው? ቤት የመቱት ቃላት እነማን ናቸው፤ ስለ ምንስ ተጋጠሙ? ተመልሶ የመጣው ቃል፣ በተመለሰ ጊዜ ያመጣው አዲስ ነገር ምንድን ነው? መቈጠሩን ይቈጥሩ፤ አልከለክልም፤ ሳይቈጥር ልኩ የት እንደ ተለወጠ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ቈጠራው በር ነው። በር አንኳክቶ ሳይገቡ መመለስ የእንግዳ ወግ አይደለም።

ያ ልጅ ዛሬ ትምህርቱን ጨርሶ ሄዷል። እኔም ያን ግጥም በማስተምርበት ጊዜ ሁሉ ምቱን በሰሌዳው ላይ መጻፌን አልተውሁም። ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ግን ጠመኔውን አስቀምጬ፣ ተማሪዎቹን በእርሱ ቃል እጠይቃቸዋለሁ፦ «ከቈጠርነው በኋላስ ምን አገኘን?»

እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሚመጣው ወር እንገናኛለን። እስከዚያው ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅልን።